ቤታቸውን ይዘው ወደ ሙቀት የሚወርዱ ጡረተኞች

በየዓመቱ ከጥቅምት ማገባደጃ ጀምሮ ከካናዳና ከሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች ወደ ደቡብ በሚወርዱት አውራ ጎዳናዎች ላይ አልጋ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያላቸው ትላልቅ ተሽከርካሪዎች ይበዛሉ። በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ስድሳን የተሻገሩ ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለዋል፤ እነሱም ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ተቆልፎ ቁልፉ ለጎረቤት ተሰጥቷል። የብዙዎቹ መድረሻ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ የተዘረጋው ሞቃት ጠረፍ ነው። እዚያ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዶቹም አምስት ወር ተቀምጠው መጋቢት ሲጋመስ ወይም ሚያዝያ ሲገባ ይመለሳሉ። አሜሪካውያን «የበረዶ ወፎች» ይሏቸዋል፤ ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ «የብርድ ወራት ቴክሳሳውያን» የሚል የአቀባበል ስም ወጥቶላቸዋል።

ከቤት የሚያስነሣቸው ብርዱ ነው። በሰሜን ባለችው በሚኒያፖሊስ ከተማ የጃንዋሪ ወር የሌሊት ቅዝቃዜ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በዚያው ወር በቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ ያለችው ብራውንስቪል ቀን ቀን 21 ዲግሪ አካባቢ ትውላለች። በረዶ ለልጅ መጫወቻ ነው። ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ግን ደጃፍን በአካፋ መዛቅ፣ በረጋ በረዶ ላይ አንሸራቶት ዳሌው እንዳይሰበር መሥጋት፣ ለሳምንታት ከቤት ሳይወጡ መሰንበት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብርዱ መሄዳቸውን እንጂ ዓመት ጠብቀው ወደዚያው ሥፍራ፣ አንዳንዴም ወደዚያው ቁጥር ማቆሚያ መመለሳቸውን አያስረዳም። ሙቀት ብቻ ቢሆን የሚፈልጉት፣ ሆቴል መያዝ ወይም አፓርታማ መከራየት ይበቃ ነበር። የሚመልሳቸው እዚያ ያገኙት ጎረቤት ነው። ይህን ኑሮ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከመኪናው ይልቅ መኪናው የሚቆምበትን ሰፈር ማየት ይኖርበታል።

ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1919 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታምፓ ከተማ በሚገኘው ዴሶቶ ፓርክ የሰፈሩ ተጓዦች «ቲን ካን ቱሪስትስ»፣ ማለትም የቆርቆሮ ጣሳ ቱሪስቶች፣ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ብዙዎቹ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን ርካሽ መኪና በገዛ እጃቸው አሻሽለው መኝታ የሠሩባት ሰዎች ነበሩ። መንገድ ላይ የሚመገቡት የታሸገ ምግብ ስለነበር ጣሳ ከመኪናቸው ፊት አንጠልጥለው በዚያ ይተዋወቁ ነበር። ቀጥሎ በ1931 ዋሊ ባያም በሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ተጎታቾቹ የሚታወቀውን ኤርስትሪም ኩባንያ መሠረተ። ባያም ደንበኞቹን አስከትሎ ሩቅ አገር መጓዝ የሚወድ ሰው ነበር። በ1959 ከኬፕታውን ተነሥቶ በ1960 ካይሮ የገባው የ41 ተጎታቾች ቅፍለት ኢትዮጵያን አቋርጦ አልፏል፤ ተጓዦቹም ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። በዚያ ዘመን በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ መንገድ ቤት እየጎተቱ ማለፍ ምን ያህል ጽናት እንደጠየቀ የሰሜን ኬንያንና የደቡብ ኢትዮጵያን አገር የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋውም።

ልማዱ ወደ ተራው ሕዝብ የወረደው ግን በጀብደኞች ጉዞ አልነበረም። ሁለት ሕጎች መንገዱን ከፍተውለታል። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሠራተኛው ከጡረታ በኋላ ወር ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ እንዲኖረው አደረገ። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ደግሞ ሰሜኑንና ደቡቡን በሰፋፊ መንገዶች አገናኘ። የሰባ ዓመት አዛውንት ከባድ ተሽከርካሪ ይዞ ሁለት ሺሕ ኪሎ ሜትር እንዲነዳ ያስቻሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የማምረቻው ማዕከልም በሰሜኑ ነው። በአሜሪካ ከሚሠሩት የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ የሚወጡት ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ካለችው ከኤልክሃርት ከተማና ከአካባቢዋ ነው።

አርቪ በሚለው አጭር ስማቸው የሚታወቁት እነዚህ ተሽከርካሪዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ራሳቸው የሚነዱና የሚጎተቱ። ከሚነዱት ትልቁ በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሚሠራው «ክላስ ኤ» ነው። «ክላስ ሲ» ፊቱ እንደ ቫን ሆኖ ከሹፌሩ ጣሪያ በላይ አልጋ ያለው ነው። «ክላስ ቢ» ደግሞ ቁመቱ ከፍ ያለ ቫን ሲሆን ለመንዳት ይቀላል፤ ለአራት ወር ኑሮ ግን ሁለት ሰው ይጠብበታል። ከሚጎተቱት መካከል በመኪና ኋላ የሚታሰረው ተራ ተጎታች አለ። ማያያዣው በፒካፕ ጭነት ማስቀመጫ መካከል የሚያርፈው «ፊፍዝ ዊል» ደግሞ ክብደቱ በፒካፑ የኋላ አክስል ላይ ስለሚወድቅ በንፋስ ብዙም አይወዛወዝም፤ በአንድ ቦታ ሦስት ወር ለሚቀመጡ ጡረተኞች ተመራጭ ያደረገው ይህና የውስጡ ስፋት ነው። ትልልቆቹ ከቆሙ በኋላ ግድግዳቸው በሞተር ወደ ውጭ እየተገፋ ሳሎኑን ያሰፋዋል። ክላስ ኤ ያላቸው ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ ትንሽ መኪና ከኋላ ያስከትላሉ፤ አለዚያ ዳቦ ለመግዛት ቤቱን ሁሉ ነቅሎ መሄድ ሊኖርባቸው ነው።

የቤቱ ዋና ነገር ውሃው ነው። ከሥሩ ሦስት ታንከሮች አሉ፤ አንዱ የንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው ከእቃ ማጠቢያና ከሻወር የሚወርደው «ግራጫ ውሃ»፣ ሦስተኛው ከመጸዳጃ የሚወርደው «ጥቁር ውሃ» ማጠራቀሚያ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ 300 ሊትር ሞልቶ የሚነዳ ሰው 300 ኪሎ ተጨማሪ ጭነት ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው መንገድ ሲጀምር ለጉዞው የሚበቃውን ብቻ ይይዛል። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በጥቁሩ ታንከር ነው። ማቆሚያው ላይ የፍሳሽ መስመር ስላለ ብቻ ቫልቩን ከፍተው ይተዉታል፤ ፈሳሹ እየወረደ ጠጣሩ ይቀራል፤ ታንከሩም ይደፈናል። ትክክለኛው ዘዴ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ዘግቶ ማቆየት፣ ከዚያ መጀመሪያ ጥቁሩን ቀጥሎ ግራጫውን መልቀቅ ነው፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይወርዳል። ሥራው ደስ አይልም። ነገር ግን ይህን በጓንትና በጥንቃቄ የማይሠራ ሰው በዚህ ቤት ሊኖር አይችልም።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ሥርዓት አለው። የማቆሚያ ቦታዎች ሁለት ዓይነት መስመር ያቀርባሉ። ባለ 30 አምፒሩ 3,600 ዋት፣ ባለ 50 አምፒሩ ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። በ30 አምፒር ላይ የአየር ማቀዝቀዣውና ማይክሮዌቩ አብረው ከሠሩ ቆጣሪው ጋር ያለው ማብሪያ ይወርዳል፤ ስለዚህ ባልና ሚስቱ አንዱን አጥፍተው ሌላውን ማብራት ይለምዳሉ። መስመር በሌለበት በ12 ቮልት ባትሪ፣ በሶላርና በጄኔሬተር ይኖራል። ምድጃው፣ ማሞቂያውና በብዙዎቹ ቤቶች ማቀዝቀዣው በፕሮፔን ጋዝ ይሠራሉ። በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ቤቱ ካዘመመ በትክክል ስለማይሠራ ቦታ ሲይዙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው ተሽከርካሪውን በውሃ ልክ ማስተካከል ነው። ጎማን በሚመለከት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆም ተሽከርካሪ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። በዕድሜው፣ ማለትም ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መለወጥ አለበት፤ አውራ ጎዳና ላይ የሚፈነዳ ጎማ ለትልቅ አርቪ ከባድ አደጋ ነው።

ማን የት እንደሚሰፍር በአብዛኛው የሚወስነው መንገዱ ነው። ከሚኒሶታና ከአዮዋ የሚነሡት አውራ ጎዳና 35ን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ቴክሳስ ይወርዳሉ። ከቺካጎ አካባቢና ከኢንዲያና የሚነሡትን አውራ ጎዳና 65 ሞቢል፣ አላባማ ላይ ያወጣቸዋል። ሚሺጋንና ኦሃዮ ያሉት በ75 ወደ ፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ይደርሳሉ። በዚህ የተነሣ በደቡብ ቴክሳስ የመካከለኛው ምዕራብ የገበሬ አነጋገር፣ በፎርት ማየርስ አካባቢ ደግሞ የሚሺጋን ሰዎች ቋንቋ ይሰማል። ጠረፉን ከዳር እስከ ዳር ማየት የሚፈልጉት ከፍሎሪዳ ተነሥቶ እስከ ካሊፎርኒያ 3,959 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና 10 ይከተላሉ። ከሰሜን ከመነሣታቸው በፊት የውሃ መስመሩ እንዳይፈነዳ አንዳንዶቹ ቧንቧውን አድርቀው ሮዝ ቀለም ያለው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይሞሉበታል፤ ብርዱን ካለፉ በኋላ አጥበው ያስወጡታል።

የጠረፉ ምዕራባዊ ጫፍ የሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ነው። ሚሽን፣ ማካለን፣ ዌስላኮና ሃርሊንገን የተባሉት ከተሞች በአርቪ ሰፈሮች ተከበዋል። ወቅቱ የብርቱካንና የቀይ ግሬፕፍሩት መልቀሚያ ነው፤ ሚሽን ላይም ጃንዋሪ ሲመጣ የፍራፍሬው በዓል ይከበራል። ብዙዎች በእግራቸው ድልድዩን ተሻግረው የሜክሲኮዋ ኑዌቮ ፕሮግሬሶ ይሄዳሉ፤ ጥርስ ማሳከምና መድኃኒት መግዛት እዚያ ከአሜሪካ በእጅጉ ይረክሳል። ፓስፖርት ግን መያዝ አለባቸው። ወደ ምሥራቅ ሲሉ ከዋናው ምድር ትይዩ የተጋደመው ጠባቡ የፓድሬ ደሴት ይገኛል። በብሔራዊ ጥብቅነት የተያዘው ክፍሉ 113 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን በዓለም ላይ ሕንጻ ሳይነካቸው ከቀሩት የዚህ ዓይነት የአሸዋ ደሴቶች ረጅሙ ነው። አሸዋው ላይ መንዳትና ከማዕበሉ ትይዩ ቤትን አቁሞ ማደር ይፈቀዳል፤ ውሃም ኤሌክትሪክም የለም።

ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን በሮክፖርት አቅራቢያ ያለው የአራንሳስ የዱር እንስሳት መጠለያ ከጉዞው ሁሉ ልዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በ1937 የተቋቋመው ይህ ሥፍራ ሁፒንግ ክሬን የተባለችው ነጭ ወፍ የብርድ ወራት መኖሪያ ነው። ወፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ትቆማለች፤ በሰሜን አሜሪካ እሷን የሚያህል ቁመት ያለው ወፍ የለም። በአደንና ረግረጉ ለእርሻ በመዋሉ ምክንያት በ1941 ወደ ቴክሳስ የሚመጡት አሥራ አምስት ብቻ ቀርተው ነበር። ዛሬ ከ500 በላይ ሆነዋል። በካናዳ ከሚገኘው ዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ፤ ጥንዶቹ ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ፤ የዓመቱን ጫጩት ይዘው ወደዚያው ረግረግ ይመለሳሉ። ከሮክፖርት የሚነሡት ጀልባዎች ከካናዳ የመጡ አዛውንቶችን አሳፍረው ከካናዳ የመጡ ወፎችን ያሳያሉ። የዚህች ወፍ ዘመዶች ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ እንደሚወርዱ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ጨለለቃ ላይም እንደሚታዩ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ከቅርብ ይረዳዋል።

ጋልቬስተን ላይ የቴክሳስ መንግሥት ጀልባ አርቪውን ከነባለቤቶቹ ያለ ክፍያ ወደ ቦሊቫር ልሳነ ምድር ያሻግራል። ጋልቬስተን በ1900 በአውሎ ነፋስ ስትመታ 8,000 ያህል ሰው አልቆባታል፤ ዛሬ ሰው የሚንሸራሸርበት ረጅም የባሕር ግንብ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሉዊዚያና በአብዛኛው ረግረግ ስለሆነች ብዙዎቹ በ29 ኪሎ ሜትሩ የአቻፋላያ ድልድይ ላይ ያልፏታል፤ ኒው ኦርሊንስን ግን አይዘሉም። እዚያ ከምዕራባውያን ክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም በፊት የሚከበረው ማርዲ ግራ የሚባለው በዓል፣ እንደ እኛው ቅበላ ከጾም በፊት የሚበላበትና የሚጠጣበት ነው። አላባማ ውስጥ ያለችው ሞቢል ከኒው ኦርሊንስ ቀድማ፣ ከ1703 ጀምሮ አክብሬዋለሁ ትላለች። በዚያ ሳምንት የማቆሚያ ቦታ ሳያስይዝ የሚሄድ አያገኝም። ሚሲሲፒ 42 ኪሎ ሜትር የሚሆን በሰው እጅ የተሠራ የአሸዋ ዳርቻ አላት፤ የ1848ቱ የቢሎክሲ መብራት ቤት በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ያወደመችውን ከተማ እያየ ቆሟል።

አላባማ የባሕር ጠረፏ አጭር ቢሆንም 500 ገደማ ማቆሚያ ያለው ገልፍ ስቴት ፓርክ እዚያ ነው። ረጅም የብስክሌት መንገዱ ለጉልበት አይከብድም። ከዚያ ተሻግሮ በፍሎሪዳዋ ፔንሳኮላ አጠገብ ፎርት ፒከንስ ይገኛል። በ1834 የተጠናቀቀው ይህ ምሽግ ከ1886 እስከ 1888 የአፓቺው መሪ ጄሮኒሞ ታስሮበታል፤ ዛሬ ጡረተኞች ከግንቡ አጠገብ ቡናቸውን አፍልተው ይጠጣሉ። የዚህ አካባቢ አሸዋ እንደ ዱቄት የነጣው ወንዞች ከአፓላቺያን ተራሮች ያወረዱት ኳርትዝ ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ ላይም ብዙ አይግልም። ይሁን እንጂ በዚህ የጠረፉ ሰሜናዊ ክፍል ጃንዋሪ ላይ ቀኑ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለእግር ጉዞ የተመቸ፣ ለዋና የማይሆን አየር ነው፤ ብራውንስቪልን ወይም ፎርት ማየርስን አስቦ የመጣ ሰው ቅር ይለዋል።

ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ክሪስታል ሪቨር አለች። ምንጮቿ ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ስለሆኑ ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ማናቲ የተባሉት ግዙፍና ገር የውሃ እንስሳት በመቶዎች እየሆኑ ይገቡባቸዋል። ትንሽ ወረድ ብሎ ያለችው ታርፖን ስፕሪንግስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ ትቀርባለች። ከ1905 ጀምሮ ስፖንጅ ከባሕር ጠልቀው የሚያወጡ ግሪኮች ሰፍረውባታል፤ ኦርቶዶክሶች ናቸው። ጃንዋሪ 6 ጥምቀታቸውን ሲያከብሩ ሊቀ ጳጳሱ ነጭ የእንጨት መስቀል ውሃ ላይ ይጥላሉ፤ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችም ዘልለው ይሽቀዳደማሉ፤ መስቀሉን ያገኘው የዓመቱን በረከት ይቀበላል። ሕዝቡ በባሕር ወሽመጡ ዙሪያ ቆሞ ይመለከታል፤ ከሰሜን የመጡት ጡረተኞችም ከሕዝቡ ጋር ይቆማሉ። የእኛው ጥምቀት ከ13 ቀን በኋላ ነውና ሁለቱን በዓላት በአንድ ወር ማየት ለሚችል ሰው የውሃውና የመስቀሉ አንድነት ይገለጥለታል።

ወደ ሰፈሩ እንመለስ። አንድ የአርቪ ሰፈር በመቶ የሚቆጠሩ ማቆሚያዎች፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤትና ብዙ ጊዜም መዋኛ አለው። በማለዳ ቡና በአዳራሹ ይፈላል፤ ከዚያ የእንጨት ሥራ፣ የልብስ ስፌት፣ የካርታ ጨዋታ፣ ፒክልቦል የተባለው እንደ ቴኒስ ያለ ቀላል ስፖርት፣ ምሽት ላይ ዳንስ። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም የሠራውን ይዞ መጥቶ በአንድ ማዕድ ይበላል። ግድግዳዎቹ ስስ፣ ቦታዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ስለዚህ ሰው ውጭ፣ ከጥላው ሥር ይውላል። ጎረቤት ሲታመም ውሻውን የሚያንሸራሽሩለት፣ ባል የሞተባትን ሴት መኪና ወደ ሰሜን ነድተው የሚያደርሱላት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በሚሺጋን ወይም በኦንታሪዮ ትልቅ ቤታቸው ውስጥ ለዓመታት ከጎረቤት ጋር እጅ ከመነሣሣት ያላለፉ ሰዎች በ10 ሜትር ተጎታች ውስጥ ሲኖሩ እድር መሰል መረዳዳት ማግኘታቸው የዚህ ኑሮ ትልቁ ትርፍ ነው። ለባልና ሚስቱ ደግሞ ፈተናም ነው። አርባ ዓመት በየሥራቸው ተለያይተው የዋሉ ሁለት ሰዎች አሁን በአንድ ክፍል ይውላሉ። ተሽከርካሪውን ወደ ኋላ ማስገባት፣ አንዱ እየነዳ ሌላው በእጅ ምልክት እየመራ፣ ብዙ ትዳር የሚፈተንበት ሥራ ነው። የሚሳካላቸው ምልክቱን አስቀድመው የተስማሙና ሁለቱም መንዳት የሚችሉ ናቸው። ሚስት ፈጽሞ የማትነዳ ከሆነ ባል በመንገድ ላይ የታመመ ዕለት ሁለቱም ይቸገራሉ።

ወጪው እንደ አኗኗሩ ይለያያል። ትልቅ ክላስ ኤ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ሊትር ነዳጅ ይበላል፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚቆጥበው ብዙ የሚዞር ሳይሆን በአንድ ቦታ በወር ተከራይቶ የሚቀመጥ ነው። ዕድሜያቸው 62 የሞላ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ያገኛሉ፤ በፌዴራል መንግሥት በሚተዳደሩ ብዙ የካምፕ ቦታዎችም ግማሽ ዋጋ ይከፍላሉ። አንዳንዶች ፓርክ ውስጥ እንግዳ እየተቀበሉ፣ ጽዳት እየተከታተሉ ማቆሚያውን በነጻ ይይዛሉ። የፍሎሪዳ የግዛት ፓርኮች ለነዋሪዎቻቸው ከ11 ወር፣ ለሌላው ከ10 ወር በፊት ምዝገባ ይከፍታሉ፤ በሚፈለጉት ቦታዎች መዝገቡ በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ጤና ነው። 65 የሞላቸው አሜሪካውያን ያላቸው መደበኛ ሜዲኬር በየትኛውም ግዛት፣ ካርዱን በሚቀበል ሐኪም ዘንድ ይሠራል። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ብዙ ጊዜ በመኖሪያ አካባቢ ሐኪሞች የታጠረ ነው። አራት ወር ከቤት የሚርቅ ሰው ይህን ሳያጣራ መነሣት የለበትም። የካናዳ የግዛት መድን በውጭ አገር የሚከፍለው ጥቂት ስለሆነ ካናዳውያን የጉዞ መድን ይገዛሉ፤ የአሜሪካ ቆይታቸውም በአብዛኛው ከስድስት ወር እንዲያልፍ አይፈቀድም።

አየሩም ሁልጊዜ ታማኝ አይደለም። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ጡረተኞቹ የሚመጡት እሱ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለፈ በኋላ ነው፤ ጉዳቱን ግን ያገኙታል። በ2017 አውሎ ነፋሱ ሃርቪ ሮክፖርትን፣ በ2018 ማይክል የፍሎሪዳዋን ሜክሲኮ ቢች፣ በ2022 ኢያን ፎርት ማየርስን ሲመቱ ለዓመታት የተመላለሱባቸው ሰፈሮች ተጠርገው ሄደዋል። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ ብርዱ ራሱ ተከትሏቸው ቴክሳስ ወረደ፤ መብራት ጠፋ፣ ቧንቧ ፈነዳ፣ የሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ፍራፍሬ ተቃጠለ። በሳውዝ ፓድሬ ደሴት የከተማው ሰዎችና የብርድ ወራት እንግዶቹ ቅዝቃዜ ያደነዘዛቸውን በሺሕ የሚቆጠሩ የባሕር ኤሊዎች በመኪናና በጀልባ እየጫኑ ወደ መሰብሰቢያ አዳራሹ ወስደው አተረፏቸው። ጨዋማው የባሕር አየር የተሽከርካሪውን ብረት ስለሚበላ ሥሩን በንጹሕ ውሃ አዘውትሮ ማጠብም ያስፈልጋል።

በአርቪ የሚኖር አዛውንት ሁሉ ግን ለመዝናናት የወጣ አይደለም። በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ቤታቸውንና ቁጠባቸውን ያጡ፣ ኪራይ መክፈል ስላልቻሉ በቫን የሚኖሩና በስተርጅና ከመጋዘን መጋዘን ሥራ እየፈለጉ የሚዞሩ አሉ። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ባወጣችው «ኖማድላንድ» በተባለው መጽሐፍ የጻፈችው ስለ እነሱ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማደያ ነዳጅ ይቀዳሉ፤ የሚለያቸው አንዱ የሚመለስበት ቤት ያለው፣ ሌላው የሌለው መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ዘንግቶ ስለ ነጻ ኑሮ ብቻ ማውራት ለሁለተኛዎቹ ፍትሐዊ አይሆንም።

የ1980ውን የስደተኞች ሕግ ተከትለው አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን አሁን በጡረታ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም የሚኖሩት በሚኒሶታ፣ በኦሃዮና በዋሽንግተን አካባቢ፣ ብርዱ በሚጸናበት አገር ነው። ከእነሱ አቅሙ ያላቸው ብዙ ጊዜ የብርዱን ወራት ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት በመሄድ ያሳልፋሉ። መሄድ ለማይመቻቸው ግን ይህ ጠረፍ ሩቅ አይደለም። የ62 ዓመቱ የፓርክ መግቢያ ለእነሱም ይሰጣል፤ ተሽከርካሪውን ሳይገዙ ለሁለት ሳምንት ተከራይቶ መሞከር ይቻላል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ከጋልቬስተን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ያለችው ሂውስተን የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንና ምግብ ቤት አላት፤ እንጀራ ፍለጋ ብዙ መንከራተት አይኖርም።

ጉዞው የሚያቆምበት ቀን አለ። ዓይን ይደክማል፤ ሌሊት መንዳት ይቀራል፤ ከባዱን ማያያዣ ማንሣት የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል። በርካቶች በዚህ ጊዜ ተሽከርካሪውን ሸጠው እዚያው ሰፈር ውስጥ ከቦታው የማይነቃነቅ ትንሽ ቤት ይገዛሉ፤ በመኪና ፋንታ በአውሮፕላን ይመላለሳሉ። ቤታቸውን በሰሜን ሸጠው ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ቋሚ አድራሻ ስለሚያስፈልጋቸው በ1978 የተመሠረተው ኤስኬፒስ የተባለው ማኅበር ቴክሳስ፣ ሊቪንግስተን ላይ ደብዳቤያቸውን እየተቀበለ ወዳሉበት ይልክላቸዋል። በዚያው ከተማ ለደከሙት አባላት የተዘጋጀ ማዕከልም አለ። እዚያ አዛውንቶቹ በገዛ አርቪያቸው ውስጥ እየኖሩ ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ ልብሳቸው ይታጠባል፤ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳቸው ሰው ያገኛሉ። ክፍያው ከአረጋውያን መጦሪያ በብዙ ያነሰ ሲሆን፣ አገግሞ እንደገና መንዳት የቻለ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ መሄድ ይችላል።